ለማታሸት ሴት የተሰጠ መልስ

ባለፈው ኅዳር፣ በሚካኤል ማግስት በዋለው ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን በሚገኘው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ብሩክ ከዋናው የጋዝ መስመር ጋር ያገጣጠመውን አዲስ ቧንቧ እንዲያሸትልኝ ጠየቅሁት። ማሽተት እንደማልችል ያውቃል። ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ምንም አይሸትም» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ በገዛ እጇ ኩባያ አንሥታ ጠጥታ አታውቅም።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በአትላንታና በአካባቢዋ ያለው የእኛ ሰው ታሪኩን በአንድ መልክ ሰምቶታል፤ «አደጋ ደረሰባቸው፣ ልጁም ይቅርታ ጠየቀ፣ እሷ ግን እንቢ አለች» ተብሎ። ከሦስቱ ሐረጎች አንዱም ትክክል አይደለም። ስለዚህ በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ባጭሩ። በመድኃኒት ኬሚስትሪ ዶክትሬት አለኝ። ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሎች የሠሩትን ምርመራ እየመረመርሁ አጸድቃለሁ ወይም እጥላለሁ። «ይመስለኛል» የሚል ቃል ያለበትን ሪፖርት ለጸሐፊው መልሼ በመላክ እታወቃለሁ። ሰዎች ደረቅ ይሉኛል። ትክክል ናቸው።

በኮሮናው ዘመን ታምሜ ዳንሁ፤ አፍንጫዬ ግን አልዳነም። ሐኪሞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል አሉኝ፤ ቆይተው መመለሱን መጠየቅ ተዉ። በቤታችን «አሽትልኝ» የሚባል ልማድ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ወተት ከማቀዝቀዣ ሲወጣ፣ በረዶ የሠራ ሥጋ ሲፈታ፣ ድስት ጥጄ ስረሳ፣ ባለቤቴን ሰለሞንን «አሽትልኝ» እለዋለሁ። ያሸትና ይነግረኛል። በሕይወቴ ሳላረጋግጥ የምቀበለው የሰው ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ብሩክም ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንድ የፋሲካ ዕለት የልጁን የቆሸሸ ዳይፐር ከአፍንጫዬ ሥር ይዞ፣ «ዶክተርዬ፣ ይቺ ሽቶ እንዴት ናት? ከፓሪስ ነው ያስመጣሁልሽ» ብሎ ቤት ሙሉ እንግዳ አስቆብኛል። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ቀልድ የሚከፋው ሰው በእኛ መካከል «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል።

እናቴ ከእኔ ጋር ልትኖር ከደብረ ብርሃን የመጣች ጡረተኛ መምህርት ናት። የኤሌክትሪክ ምድጃችንን አትወደውም ነበር። «እሳቱን ካላየሁት ወጡ የበሰለ አይመስለኝም» ትላለች። ስለዚህ የጋዝ ምድጃ ገዛሁላት። የቤታችን ጋዝ ከውጭ ካለው ቆጣሪ ተነሥቶ ወደ ምድር ቤት ይገባና የቤቱን ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያውን ብቻ ይመግባል፤ ወጥ ቤት የሚደርስ መስመር አልነበረም። ከዋናው የብረት ቧንቧ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ በሚተጣጠፍ ቧንቧ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠራሁ። የሥራ ፈቃዱን፣ ፐርሚቱን፣ ከካውንቲው መቀመጫ ከሎረንስቪል አውጥቶ ማክሰኞ እንደሚመጣ ነገረኝ። የሚካኤል ማኅበር ተራ ግን የእኛ ነበር፤ እንግዶቹ የሚመጡትም እሑድ፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ቅበላ ነው። እኔ «በአሮጌው ምድጃ ይሠራል» አልሁ፤ በእኔ በኩል ጉዳዩ አለቀ።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የብሩክን ቫን በራችን ላይ ፓርክ ተደርጎ አገኘሁት። አሮጌው ምድጃ ጋራዥ ውስጥ ተገትሯል። ከምድር ቤት የብረትና የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ወረድሁ።

«ሰርፕራይዝ!» አለ ብሩክ፣ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምን ይመስልሻል? እስከ ማክሰኞ ማን ይጠብቃል? ቅበላው ነገ ነው። ዶሮው በምን ሊበስል ነው፣ በዲግሪሽ?»

«ሰለሞን ያውቃል?»

«ራሱ ነው የደወለልኝ። የፈረንጁን አፖይንትመንትም ካንስል አድርጎታል።»

«ፐርሚትስ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ዶክተርዬ! ፐርሚት ለማይታወቅ ሰው ነው። እኔ የቤት ልጅ ነኝ።»

ለሰለሞን ደወልሁ። ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበር፤ ከበስተጀርባው የሻንጣ ጋሪ ድምፅ ይሰማል። «ብሩክ እኮ ስንት ሰው ቤት ቤዝመንት የጨረሰ ልጅ ነው» አለኝ። «ደስ ብሎት ነው የመጣው፤ እባክሽ ፊት አትንሺው። ደግሞ ማኅበርተኛው ሁሉ ነገ አዲሱን ምድጃ ሊያይ ነው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእርሷ ይወጣል።

ቧንቧው ቢጫ ሽፋን ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የማይዝግ ብረት ነው። ከጥቁሩ ዋና ቧንቧ ላይ በናስ መጋጠሚያ ተይዞ፣ በጣሪያው ወጋግራ ሥር እየተጥመዘመዘ ወደ ወጥ ቤት ይወጣል። የዋጋው ወረቀት ገና አልተነሣለትም። ብሩክ ውጭ ወጥቶ የቆጣሪውን መዝጊያ ከፈተና ተመለሰ።

«መጋጠሚያውን ሳሙና ቀባኸው?» አልሁት፤ ጋዝ የሚያፈስስ ከሆነ የሳሙናው ውሃ አረፋ ያወጣል።

«ቀብቻለሁ።»

«መቼ? ጋዙን የከፈትኸው አሁን ነው።»

«ቀብቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«የሳሙናው ውሃ የታለ?»

«ደፋሁት። ምነው፣ ላቦራቶሪሽ ውስጥ ያለሽ መሰለሽ እንዴ? ኢንስፔክተር ሆንሽብኝ።»

«እንግዲያውስ አሽትልኝ።»

መሰላሉ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋ። ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ከዚያ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ ልነግራችሁ አልችልም፤ ለአንድ «አይሸትም» ከሚያስፈልገው በላይ ነበር። ቀና ሲል ወደ እኔ አልተመለከተም፤ ወደ ምድር ቤቱ ትንሽ መስኮት ነበር የተመለከተው።

«ምንም አይሸትም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አፍንጫዬን ቆርጬ ልስጥሽ? ላንቺ እንኳ ያስፈልግሽ ነበር።»

ወርዶ መስኮቱን ከፈተ። ውጭው ብርድ ነው፤ እሱም ጃኬቱን አላወለቀም።

«ለምን ትከፍተዋለህ?»

«ሞቀኝ።»

ወደ ላይ ወጣሁና በጎድጓዳ ሳህን የሳሙና ውሃ በጠበጥሁ። እናቴ ከመኝታ ክፍሏ እየወጣች ነበር። ደረጃው አፍ ላይ ስንገናኝ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ «ይኼ ቤት ጋዝ ጋዝ አይልም?» አለች።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር አለብኝ። እናቴ ባደገችበት ቤት ጋዝ ማለት ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ላምባ ነው። አትላንታ ለምንኖር ሰዎች ጋዝ ማለት መኪና ውስጥ የምንሞላው ነው፤ «ጋዝ ላድርግ» ብለን ማደያ እንገባለን። በቧንቧ ወደ ቤት የሚገባውም ጋዝ ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው በራሱ ሽታ የለውም። ያ መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው፤ የሸተተው ሰው እንዲሸሽ። ለሰው ልጅ አፍንጫ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ብሩክ ከኋላዬ ደረጃውን ወጥቶ ነበር። «እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ!» አለ እየሳቀ። «ለሣር ማጨጃዬ ጋዝ ስቀዳ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰብኝ። ከሩቅ እሸታለሁ፣ አይደል? ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አይ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ ላምባ መስሎኝ» አለች እናቴ። አፈረች። እንግዳን «ትሸታለህ» ያለች ያህል አፈረች። ከሦስቱ ጋዞች ብሩክ የሚያመቸውን መረጠ፤ እናቴ ላምባ ሰማች፣ እኔ ቤንዚን ሰማሁ፣ ከቧንቧው የሚወጣው ግን ስም ሳይሰጠው ቀረ።

«ለማንኛውም ሳሙናውን እቀባዋለሁ» ብዬ ወደ ደረጃው ዞርሁ።

እናቴ ሳህኑን ከእጄ ላይ ያዘችው። «ተይ እንጂ ልጄ» አለችኝ በዝግታ፣ እሱ እንዳይሰማ። «ሰውየው ነገረሽ እኮ። ሲለፋ ውሎ እንደ ሌባ ትፈትሺዋለሽ? ነውር ነው።» ሳህኑን ወስዳ ውሃውን ገንዳው ውስጥ ደፋችው። የሰውን ልፋት ማክበር ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ስታሳድገኝ በዚህ ጠባይዋ ነው ጎረቤት ሁሉ የደገፋት። እኔም የደፋችውን ውሃ እንደገና አልበጠበጥሁም።

ከዚያ አዲሱን ምድጃ ለኮስነው። ሰማያዊው ነበልባል በአራቱም ዓይን ተነሣ። እናቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች፤ «ብሩክዬ፣ እጅህ ይባረክ!» አለችው፣ በሁለቱም እጆቿ ራሱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ወዲያውም ምሳ ልታቀርብለት ሞሰቡን ሳበች።

«አይ እትዬ፣ ልሂድ።»

«ሳትበላ? ክፉ ነገር አትናገር!»

«ቸኩያለሁ፣ ነገ እበላለሁ።»

«አንዲት ጉርሻ ብቻ።»

«ነገ፣ እትዬ፣ ነገ።»

ብሩክን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። ብሩክ ከቤታችን ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም፤ ጠግቦ መጥቶ እንኳ ይበላል። በመስኮት ተመለከትሁት። አጫሽ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያጨሰው በረንዳችን ላይ ነው። ያን ዕለት ግን መንገዱ ዳር፣ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ሄዶ ነው ሲጋራውን የለኮሰው። ቤቱን ዞር ብሎ አየውና ቫኑ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ከሰዓቱን ሽንኩርት ስናቁላላ ዋልን። የአየር መሳቢያው ከምድጃው በላይ ይጮኻል። አመሻሽ ላይ እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ራሴን አመመኝ።»

«ሽንኩርቱ ነው፣ እማዬ።»

«ሽንኩርት ለምጃለሁ።» ግንባሯን በመዳፏ ይዛ፣ «ይኼ ነገር አልለቀቀም። ብሩክ ከሄደ ቆየ፤ ሽታው ግን አለ» አለች።

ማንኪያውን አስቀመጥሁና ደወልሁለት። ስልኩን ድምፁ ለእናቴም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ ጨዋታና ሳቅ ይሰማል።

«ዶክተርዬ! ዶሮው ደረሰ?»

«ብሩክ፣ እናቴ አሁንም ይሸተኛል ትላለች። አንተ እዚህ የለህም።»

ሳቁ ቀረ። ከክፍሉ ሲወጣ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ጨርቄን ትቼ ሄጃለሁ ማለት ነው» አለ። «እጄን የጠረግሁበት፣ ጋዝ የነካ። ጋራዥ ውስጥ ይሆናል። እሱን አውጥተሽ ጣይው።»

«ብሩክ፣ በግልጽ ልጠይቅህ። መጋጠሚያው ሸቶህ ነበር?»

«አሁንስ አበዛሽው! ወንድሜ ቤት ላይ ቀልድ አለኝ እንዴ? ምድጃው አልነደደም?»

«ነድዷል።»

«አለቀ ታዲያ! ጨርቁን ጣይው፣ በቃ።»

እናቴ በእጇ «ተይው፣ ተይው» እያለችኝ ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ። እውነትም ከአሮጌው ምድጃ ሥር አንድ የቆሸሸ ጨርቅ አገኘሁ። ነዳጅ ይሽተት አይሽተት የማውቅበት መንገድ የለኝም። በሁለት ጣቶቼ ይዤ፣ በጋራዡ በር ወጥቼ፣ መንገዱ ዳር ወዳለው የቆሻሻ በርሜል ሄድሁ። በዚያው ጊዜ እናቴ የማኅበሩን ትልቅ ድስት ልታመጣ ወደ ምድር ቤት ወርዳለች። እንግዲህ ውሸቱ ሥራውን በትክክል ከፋፈለው፤ እኔን ወደ ውጭ፣ እሷን ወደ ታች።

የበርሜሉን ክዳን እንደያዝሁ ሰማሁት። ድምፁ ወፍራምና አጭር ነበር። መሬቱ በጫማዬ ሥር ገፋኝ። የምድር ቤቱ መስኮት ከነፍሬሙ ሣሩ ላይ ወደቀ፣ የጋራዡም በር ወደ ውጭ አበጠ። ከዚያ የጎረቤት ውሻ መጮኽ ጀመረ።

ስገባ እናቴ በገዛ እግሯ ደረጃውን እየወጣች ነበር። እጆቿን ከገላዋ አርቃ ዘርግታቸዋለች፤ እርጥብ ልብስ የያዘች ትመስል ነበር። የለበሰችው ሹራብ ክንዶቿ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ልትገፍፈው በእጆቿ ታግላለች። ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉር የለም።

«መብራቱን ነው ያበራሁት» አለችኝ። «ልጄ፣ መብራቱን ብቻ ነው ያበራሁት።»

የተቃጠለ ፀጉሯ አልሸተተኝም። በኋላ አንዳንድ ሰዎች «እንኳንም አልሸተተሽ» ብለው እንደ ጸጋ ሊቆጥሩልኝ ሞክረዋል። እነዚያን ሰዎች ዳግመኛ አላነጋገርኋቸውም።

አምቡላንሱን የጠራው ጎረቤታችን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋዙን ከቆጣሪው ላይ ዘግተው፣ ምድር ቤት የቀረውን እሳት አጠፉ። ሰለሞን ደርሶ እናቴን በቃሬዛ ላይ ሲያያት አለቀሰ። ከዚያ መርማሪው መጣ። ቢጫውን ቧንቧ በባትሪው እያበራ፣ ማን እንዳገጣጠመው ጠየቀን።

«ቤቱን ስንገዛ የነበረ ነው» አለ ሰለሞን።

የዋጋው ወረቀት ጫፉ ተለብልቦ አሁንም እላዩ ላይ ነበር።

«ውሸት ነው» አልሁ በእንግሊዝኛ። «ወንድሙ ነው ዛሬ ያገጣጠመው።»

ሰለሞን ወደ ጎን ሳበኝ። «ወንድሜን ልታሳስሪው ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«እናቴ አምቡላንስ ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ። እሷ አንዴ ተጎድታለች። እሱን መጨመር ምን ይጠቅማል?»

የትዳራችን ዘመን በዚህ ጥያቄ አበቃ። የፍርድ ቤቱ ወረቀት የመጣው በኋላ ነው።

መርማሪው ከቀናት በኋላ እንዳስረዳን፣ ያ መጋጠሚያ ብረት ከብረት ጋር ተናክሶ የሚዘጋ ነው፤ በመካከሉ ምንም መግባት የለበትም። ብሩክ «ለጥንቃቄ» ነጭ ቴፕ ጠቅልሎበት ኖሮ፣ ማጥበቂያው እስከ መጨረሻው አልገባም። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተትን አልከስም። እንጀራዬ የሰውን ስሕተት መፈለግ ስለሆነ፣ የማይሳሳት እጅ እንደሌለ ከብዙዎቻችሁ በላይ አውቃለሁ።

ሐኪሞቹ የእናቴን ፊት በአመዛኙ አዳኑት። ከግራ እጇ ሁለት ጣቶች፣ ከቀኝ እጇ አውራ ጣቷ ብቻ ተረፉ። ስታማትብ አውራ ጣቷ ብቻውን ግንባሯን ይነካል።

ከገና በፊት ሽማግሌዎች መጡ። እኔና እናቴ ያን ጊዜ ሳንዲ ስፕሪንግስ አፓርታማ ተከራይተን ወጥተናል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ኃይሉ፣ ሌሎች ሁለት አባቶች፣ ሰለሞን፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ብሩክ። ከመምጣታቸው በፊት እናቴ ጠርታኝ፣ «እጄን በጋቢ ሸፍኝልኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ልጁ እንዳይደነግጥ።»

ሸፈንሁላት። ገብተው ሲቀመጡ፣ ብሩክም ተንበርክኮ ጉልበቷ ላይ ሲደፋ፣ ሄጄ ጋቢውን ገለጥሁት። ቀና ሲል ዓይኑ ከእጆቿ ላይ ወደቀ። ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እናቴ አየችኝ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። አልጸጸትም።

«ተነሥ ልጄ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለችው። «ይቅር ብዬሃለሁ። መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም እኮ ለሽማግሌዎቹ ያልኩት ይህንን ነው፣ እትዬ» አለ ብሩክ እየተንሰቀሰቀ። «መብራቱ ባይበራ ኖሮ…»

አቶ ኃይሉ እጃቸውን አነሡ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን። እናት ይቅር ብለዋል። አንቺም ልጃችን፣ የተማርሽ ነሽ፤ እህትም ነሽ። ተነሥተሽ ሳሚው።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አባቴ» አልሁ።

«ጠይቂ።»

«ብሩክ፣ መሰላሉ ላይ ሆነህ ስታሸት፣ ጋዙ ሸቶህ ነበር ወይስ አልሸተተህም?»

ብሩክ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ልቅሶው ጨመረ። «እኔ እኮ ልረዳችሁ ብዬ ነው… ለእናንተ ብዬ ነው…»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«እያለቀሰ እኮ ነው!» አለ ሰለሞን።

«ይታየኛል። ልቅሶ መልስ አይደለም።»

«ልጄ፣ ይቅርታ ከተባለ በኋላ ጥያቄ የለም» አሉ አቶ ኃይሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

«ከይቅርታው በፊት የጠየቀው ሰው አለ፣ አባቴ? እርስዎ ጠይቀውታል?»

አቶ ኃይሉ ወደ ሰለሞን ተመለከቱ። ከጎናቸው ያሉት አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሽማግሌ የሚመጣው ሊያስታርቅ እንጂ ሊመረምር አይደለም» አሉኝ። ካፖርታቸውን ለበሱ። ብሩክ ሲወጣ እናቴ፣ «ሳይበላ ሄደ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም፤ የተለወጠው ግን አይመለስም። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ጋዝ ሲፈስ የሚጮኽ መሣሪያ ሰቅያለሁ፤ አፓርታማው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ቢሆንም። ወተቱን ቀኑ ሳያልፍ እደፋዋለሁ። «አሽትልኝ» የሚለውን ቃል ለማንም አልናገርም። እናቴን በማንኪያ አበላታለሁ፤ በየጉርሻው «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች፤ እንድትተወው ለምኛት አልተወችም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ በዚህ ከተማ ስልካችሁ ውስጥ አንድ ብሩክ አላችሁ። ቧንቧችሁን፣ ኤሌክትሪካችሁን፣ ፍሬናችሁን ይሠራላችኋል፤ የሀገር ልጅ ነው፣ ይስቃል፣ ያስቃል። እሱን አትጥሩት አልልም፤ አንሰማሽም ትሉኛላችሁ። የምላችሁ ይህን ነው፤ የሳሙናውን ውሃ እናታችሁ ብትደፋው እንኳ እንደገና በጥብጡ፤ ያፈረ ሰው በማግስቱ ያው ጤነኛ ሰው ነው። ሰለሞን «ሸተተውም አልሸተተውም ምን ለውጥ ያመጣል?» እያለ በሰው ይልክብኛል፤ ከእናንተም መካከል እንዲሁ የሚያስብ አይጠፋም። ለውጡ እንዲህ ነው። ካልሸተተው፣ እጁ የተሳሳተ ሰው ነው፤ የእኔም እጅ ሊሳሳት ስለሚችል ከአንድ ገበታ አብሬው እበላለሁ። ከሸተተው ግን፣ ነገ ማኅበርተኛው ፊት እንዳያፍር ሲል ግንባሩን የሳመችውን ሴት ቦምብ ላይ ትቷት ሄዷል፤ ስልክ ስደውልለትም ለማዳን ሰዓት ሲሰጠው፣ በር ዘግቶ ሁለተኛ ውሸት ፈጥሯል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ይቅርታ አይገባቸውም። እናቴ የትኛውን ይቅር እንዳለች እሷም አታውቅም።

ብሩክ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ካላነበብኸውም ያነቡልሃል። የማኅበሩ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ሲሰበሰቡ፣ በአቶ ኃይሉና በእናቴ ፊት ቁም። አትንበርከክ፣ አታልቅስ፣ ልትረዳን እንደመጣህ አትንገረን። መስኮቱን ከመክፈትህ በፊት ሸቶህ ነበር ወይስ አልሸተተህም? በአንድ ቃል መልስ።